በአንድ ከሰዓት አምስት ምላጭ ለምን ተሰበረ?

ጥያቄው ስለ ስክሮል ሶው፣ በቀጭን ምላጭ እንጨትን በቅርጽ ስለሚቆርጠው የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ደብረ ብርሃን ከሚያስተምር አንድ ወጣት የመጣ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ስክሮል ሶው ላከልኝ። ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። የጎረቤት ትራንስፎርመር ተውሼ ሞከርኩት። በአንድ ከሰዓት አምስት ምላጭ ተሰበረብኝ። የቆረጥኩት የባሕር ዛፍ ጣውላም ጠርዙ ዘሞ ወረደ። ግቢያችን ውስጥ 3 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል የሆነች የቆርቆሮ ክፍል አለችኝ። መስቀልና የስም ጽሑፍ መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ልግዛ? በየትኛው እንጨት ልጀምር? ክፍሏንስ እንዴት ላዘጋጃት?»

እግዚአብሔር ይመስገን ወንድሜ፣ ደህና ከርሜያለሁ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። እኔም እንጨት ስሠራ የኖርኩት እዚሁ ብርድ ውስጥ ስለሆነ ክፍልህን ሳላያት አውቃታለሁ። ጠዋት ቆርቆሮው ከውስጥ ያልበዋል። ማታ ጣት ይደነዝዛል። ይሄ ለሥራህ ትልቅ ነገር ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ምን ልግዛ?» ላልከው፣ ለአሁኑ ከትራንስፎርመር፣ ከማስክና ከመስኮት ቬንቲሌተር በቀር ምንም መሣሪያ አትግዛ። ሰው ገንዘቡን መሣሪያ ላይ ያፈሳል፤ እጁ ግን ገና አልተፈታም። መጀመሪያ ያለህ ማሽን በትክክል ይቁረጥልህ። አምስት ምላጭ መሰበሩ የሚያሳየኝ ማሽኑ እንዳልተስተካከለ ነው። ይሄ ደግሞ ብር አያስወጣም።

በኤሌክትሪኩ ልጀምር። የእኛ ሶኬት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ያንተን ማሽን በቀጥታ ብትሰካው ወዲያው ይቃጠላል። ስለዚህ ትራንስፎርመር መጠቀምህ ልክ ነው። የተዋስከው ግን አቅሙ ይበቃል ወይ? ማሽኑ ላይ ካለችው ሰሌዳ አምፒሩን ፈልግ። አብዛኞቹ የቤት ስክሮል ሶዎች 1.2 ወይም 1.3 አምፒር አካባቢ ናቸው። ያንን በ120 ብታባዛው 150 ዋት ገደማ ይመጣል። ሞተር ሲነሳ ግን ከዚያ በላይ ይስባል። ገበያ ላይ ያለ ትራንስፎርመርም የተጻፈበትን ዋት ሁልጊዜ አይሸከምም። ስለዚህ 500 ዋት የሚለውን ያዝ። ግማሽ ሰዓት ሠርተህ በመዳፍህ ንካው። ለብ ካለ ደህና ነው። መዳፍህን ማሳረፍ ካቃተህ አጥፋው።

ኸርዙን በተመለከተ፣ ማሽንህ ፍጥነት የሚጨምርና የሚቀንስ ማዞሪያ ካለው ሞተሩ በአብዛኛው ዲሲ፣ ማለትም በቀጥተኛ ጅረት የሚሠራ፣ ነው። 50 ሆነ 60 ግድ የለውም። ማዞሪያ ከሌለውና አንድ ወይም ሁለት ፍጥነት ብቻ ካለው ግን ሞተሩ ኸርዙን ተከትሎ የሚዞር ነው። እዚህ አገር ከስድስት አምስት እጅ ፍጥነቱን ብቻ ይሰጥሃል፤ ይሞቃልም። ይሠራል፣ ግን በየ20 ደቂቃው አሳርፈው። 100 ቮልት የሚሰጥ መውጫ ያለው ትራንስፎርመር ካገኘህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ከ110ሩ ይሻለዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ያኔውኑ አጥፋ። ምላጭ እየቀየርክ ሳለ መብራት ቢመለስ ጣትህ ነው የሚከፍለው።

አሁን ወደ ምላጩ። የስክሮል ሶው ምላጭ ከክር ብዙም አይሻልም። ርዝመቱ 127 ሚሊሜትር ነው። 5 ቁጥር የሚባለው ስፋቱ 1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ውፍረቱ 0.4 ሚሊሜትር። ይቺ ነገር በደቂቃ ከ400 እስከ 1600 ጊዜ ትመላለሳለች። በደንብ ተወጥራም ቢሆን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ከቆረጠች በኋላ ትደክማለች። ስለዚህ ምላጭ መሰበሩ በራሱ አያስደንግጥህ። እንደ ጠመኔ ቁጠረው፤ የሚያልቅ ዕቃ ነው። አምስቱ በአንድ ከሰዓት መሆኑ ነው ችግሩ።

ማሽኑን ንቀል። ምላጩን ከጀርባው በጥፍርህ እንደ ክራር ክር ምታው። የደነዘዘ ድምፅ ከሰጠ ላልቷል። ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ካወጣ ተወጥሯል። ክራር ሲቃኝ ያየ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል። በጣትህ ወደ ጎን ስትገፋውም ከ3 ሚሊሜትር በላይ መሄድ የለበትም። ጀማሪ ሁሉ «ብወጥረው ይበጠሳል» ብሎ ይፈራል፤ ስለዚህ ያላላዋል። የላላ ምላጭ ግን እንጨቱ ውስጥ ይጎብጣል። ሲጎብጥ አይቆርጥም። ሳይቆርጥ ሲቀር አንተ ትገፋለህ። ስትገፋ ይሰበራል። ያንተም ነገር ይሄው ይመስለኛል። ጠርዙ ዘሞ መውረዱም ግማሽ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ሌላው ግማሽ ጠረጴዛው ነው። የማሽኑ ጠረጴዛ ወደ ጎን እንዲያዘነብል ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ከአሜሪካ እስከ ደብረ ብርሃን ሲንገላታ መዛባቱ አይቀርም። ጎኑ ላይ ያለውን የዲግሪ ምልክት አትመነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ እወስዳለሁ። ጠርዙን 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ቆርጬ አቆማለሁ፤ ወደ ኋላ አወጣዋለሁ። ከዚያ እንጨቱን ሳልገለብጥ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ዙር አዞረዋለሁ። ያቺን ትንሽ ቁርጥ ከምላጩ ጀርባ አመጣታለሁ። ምላጩ ቁርጧ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ሰተት ብሎ ከገባ ጠረጴዛው ልክ ነው። ከላይ ገብቶ ከታች እንጨቱን ከነካ ዘሟል። የጠረጴዛውን ብሎን አላላውና በፀጉር ስንጥቅ ያህል አንቀሳቅሰህ እንደገና ሞክር። ሦስት አራት ጊዜ ይፈልጋል። ስኳድራም (የአናጢ ማዕዘን መለኪያ) ይጠቅማል፤ ይሄኛው ግን አይዋሽም።

ምላጩን ስታስር ጥርሱ ወደ ታች መሆኑን እይ። ጣትህን በጥርሱ ላይ ከታች ወደ ላይ በቀስታ ስትወስድ ያዝ ካደረገህ ልክ ነው። ተገልብጦ ከታሰረ እንጨቱን እያነሳ ይደበድበዋል።

ደግሞ ምላጩ ወደ አንድ ወገን እንደሚስብ ታስተውላለህ። ቀጥ ባለ መስመር እየገፋህ ከመስመር ይወጣል። ይሄ ብልሽት አይደለም። ጥርሱ ፋብሪካ ውስጥ ሲቆረጥ በአንድ ጎኑ ሻካራ ጠርዝ ይቀርበታል፤ በዚያ ጎን በኩል ይበልጥ ይቆርጣል። እንጨቱን ትንሽ ዘወር አድርገህ መግፋት ብቻ ነው መፍትሔው። በሁለት ቀን እጅህ ይለምደዋል። ይሄን ባለማወቅ ደህናውን ማሽን የፈታታ ሰው አይቻለሁ።

ግፊትን በተመለከተ ዓይንህን ምላጩ ላይ አድርግ። ወደ ኋላ ሲጎብጥ ካየኸው ገፍተሃል። ምላጩ ነው የሚቆርጠው፤ እጅህ መንገድ ማሳየት ብቻ ነው። ጥግ ላይ ስትደርስ መግፋቱን ትተህ፣ ምላጩ እየሄደ፣ እንጨቱን በቦታው አዙረው።

የምላጭ ነገር ካነሳን፣ ወንድምህ ሌላ ዕቃ ልላክ ካለህ ምላጭ አስልክ። አንድ ደርዘን ከፖስታ አይከብድም። 3፣ 5 እና 7 ቁጥር ይበቃሃል፤ ብዙውን 5 ቁጥር አድርገው። ጫፉ ላይ መስቀለኛ ፒን የሌለበትን ንገረው። ባለ ፒኑ በትንሽ ቀዳዳ ስለማያልፍ ለመስቀል ሥራ አይሆንህም። ማሽንህ ባለ ፒን ብቻ የሚቀበል ከሆነ ማሰሪያውን የሚቀይር ዕቃ መኖሩን ይጠይቅልህ። ምላጭ ካለቀብህ ደግሞ የወርቅ ሰሪዎች ምላጭ አለ። ርዝመቱ 13 ሴንቲሜትር ነው፣ ጫፉም ያለ ፒን ነው፤ ይገባልሃል። ጥርሱ ለብረት ስለሆነ ደቃቅ ነው። ለ3 ሚሊሜትር ፕላይዉድ ጥሩ ነው፤ ለወፍራም እንጨት ግን በሰጋቱራ ይደፈናል።

አሁን እንጨቱ። ባሕር ዛፍ መምረጥህ አይገርመኝም። ደብረ ብርሃን ላይ ዞር ብትል የሚታይህ እሱ ነው። ለምሰሶና ለማገር የሚወዳደረው የለም። ለዚህ ሥራ ግን ጠላት ነው። ጠንካራ ነው፣ ሥሩ (እንጨቱ ውስጥ በርዝመቱ የሚሄደው ጭረት) ይጠማዘዛል። ዛፉ ውስጥ ያለው ውጥረት ጣውላ ከሆነም በኋላ አይለቀውም፤ ስትቆርጠው ቁርጡ ተመልሶ ምላጩን ይቆነጥጠዋል። አምስት ምላጭህን የበላው ግማሹ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ለልምምድ የፈረንጅ ጥድ ውሰድ። ለስላሳ ነው፣ በየአናጢው ቤት ቁራጩ አይጠፋም፣ ሽታውም ደስ ይላል። እጅህ ሲፈታ ወደ ዋንዛ ሂድ። ዋንዛ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የተፈጠረ ነው ብል አላጋነንኩም። አይጠማዘዝም፣ በቀላሉ ይቆረጣል፣ ቀለሙ ያምራል። የእኛ ብርድ ስለማይስማማው እዚህ አይበቅልም፤ ከሌላ አገር ተጭኖ ነው የሚመጣው። አንተ ግን ጣውላ መግዛት የለብህም። ደብረ ብርሃን ውስጥ የቤት ዕቃ የሚሠሩ አናጢዎች ጋ ሂድ። አልጋና ቁም ሳጥን ሲሠሩ ክንድ የማታህል ቁራጭ ይጥላሉ፤ ለማገዶ ነው የሚሰጧት። ላንተ ያቺ ቁራጭ ሦስት መስቀል ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ሻይ ጋብዛቸውና ጠይቃቸው። እኔ መጀመሪያ ሁለት ዓመት የሠራሁት በሙሉ ከቁርጥራጭ ነው።

ግራቪሊያም ጥሩ ነው፤ ፊቱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቅ ነገር አለው። ግን አቧራው ቆዳ የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ፤ መጀመሪያ በትንሹ ሞክረው። ወይራ መልኩ ልብ ይወስዳል። እንደ ድንጋይ ስለሚከብድ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ውፍረት አትሞክር፤ ፍጥነቱንም ቀንስ። አለበለዚያ ጠርዙ ይቃጠላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበኝን ልናገር። ጥድ (የአገሩ እንጂ የፈረንጁ አይደለም)፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ጥበቃ የሚደረግላቸው አገር በቀል ዛፎች ናቸው። እኛ ደግሞ ወፍ ዋሻን የመሰለ ደን አንኮበርና ደብረ ሲና መሃል አለልን። ጥዱም ዝግባውም ኮሶውም እዚያ አለ። አንድ ሰው «ከወፍ ዋሻ የወጣ ዝግባ ነው፣ በርካሽ ልስጥህ» ቢልህ አትግዛ። ያንን ደን የሚያህል ነገር መልሰን አንተክልም። ያረጀ በር፣ የተሰበረ ወንበር፣ የአናጢ ቁራጭ ለኛ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። አሮጌ እንጨት ደግሞ ደርቋል፤ ጥቅሙ እጥፍ ነው። ሚስማር መኖሩን ብቻ በደንብ ፈትሽ።

ፕላይዉድ፣ አናጢዎች ኮምፔንሳቶ የሚሉት፣ ለስም ጽሑፍ ያስፈልግሃል። ስትገዛ ጠርዙን እይ። ንብርብሮቹ መሃል ባዶ ቦታ ካለ ተወው። ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ የተጨመቀ ሰሌዳ) ግን በዚያች ክፍል ውስጥ አትቁረጥ። ዱቄቱ በጣም ደቃቅ ነው፣ ሙጫውም ፎርማልዲሃይድ አለበት።

እንጨት መድረቁን የምታውቅበት ቀላል ዘዴ ሚዛን ነው። ቁራጩን መዝነህ ክብደቱን እላዩ ላይ በእርሳስ ጻፍ። በሳምንቱ መዝነው። መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። እርጥብ ጣውላ በአየር ሲደርቅ ለ2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል ይባላል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጣ እንጨትም ቢሆን፣ ደረቅ ነው ቢሉህም፣ ክፍልህ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። አየሩን ይልመድ።

ስለ ክፍሏ። 7 ሜትር ተኩል ካሬ ለስክሮል ሶው አያንስም። ማሽኑን መስኮቱ በግራህ በኩል እንዲሆን አቁመው። ከምላጩ በስተግራ ከፍ ብሎ አንድ መብራት ስቀል፤ የእጅህ ጥላ መስመሩ ላይ እንዳይወድቅ። ማሽኑን ከሞራሌ በተሠራ ወፍራም እግር ላይ በብሎን እሰረው። ከስሩ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ጣል። እግሩ መሃል ላይ ሳጥን ሠርተህ አሸዋ ሙላበት። ማሽን የሚንቀጠቀጠው ክብደት ሲያጣ ነው። ከተንቀጠቀጠ ምንም ያህል ጎበዝ ብትሆን መስመር አትጠብቅም። ተቀምጠህ ሥራ፤ ጠረጴዛው ከክርንህ ትንሽ ዝቅ ይበል። ሌላው፣ መደርደሪያው፣ ማንጠልጠያው፣ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ወደ ብርዱ ልመለስ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጩን ታውቀዋለህ። ነጩ የእንጨት ኮላ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች በትክክል አይደርቅም። ከዓመታት በፊት በታኅሣሥ ለአንድ ሰርግ የመስታወት ፍሬም ታዘዝኩ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አጣብቄ፣ በማሰሪያ አጥብቄ ገባሁ። ጠዋት ደርቆ አገኘሁት። አስረከብኩ። በሳምንቱ አራቱም ጥግ ተላቀቀ። መገጣጠሚያውን ሳየው ኮላው እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት ሆኗል። ደርቆ ሳይሆን በብርድ ሞቶ ነበር። ሙሽሮቹ ምንም አላሉኝም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ከዚያ ወዲህ በበጋ የማጣብቀው ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። የተጣበቀውን ማታ ወደ ቤት አስገባዋለሁ። የኮላውም ጠርሙስ ከእኔ ጋር ነው የሚያድረው።

ብርዱን ለማሸነፍ ብለህ ከሰል አታስገባ። ይሄን በጣም አደራ እልሃለሁ። የተዘጋች የቆርቆሮ ክፍል፣ የከሰል ጭስ፣ ሰጋቱራና ቫርኒሽ አንድ ላይ ሲሆኑ ወይ መታፈን ወይ እሳት ነው። ሹራብ ደርብ፣ እግርህ ስር ወፍራም ካርቶን አንጥፍ። ጋቢ ግን ማሽን ላይ አይለበስም። ፎጣና የአንገት ልብስም አውልቅ፤ በተለይ ትራፓን (የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ) ስትይዝ።

ክረምት ሲሆን ጣጣው ሌላ ነው። ቆርቆሮው እያላበ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል። የማዳበሪያ ኮርኒስም ቢሆን ከስሩ ወጥርበት። የብረት ጠረጴዛውን በሻማ ቁራጭ አሽተህ በጨርቅ ወልውለው። ዝገት አይነካውም፤ እንጨቱም እንደ ቅቤ ይንሸራተትልሃል። ምላጮችህን ዘይት ጠብ ባለበት የተዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ አኑር።

አቧራ። ስክሮል ሶው የሚያወጣው ሰጋቱራ ጥቂት ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ዓይን የሚያየው ግን ወለሉ ላይ የወደቀውን ነው። ሳንባ የሚገባው የማይታየው፣ አየር ላይ የሚንሳፈፈው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የእንጨት አቧራን ለሰው ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች ጋር የመደበው 1995 እ.ኤ.አ. ነው። የማሽኑ ትንሽ መንፊያ መስመሩን ያጸዳልሃል እንጂ አቧራውን ወደ ፊትህ ነው የሚያመጣው። መስኮቱ ላይ ወደ ውጭ የሚነፋ ቬንቲሌተር ግጠም፤ በሩን ጥቂት ገርበብ አድርገው። ደህና ማስክ አድርግ፤ የጨርቁ አይበቃም። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረግ፤ ውኃ እርጨት አድርግበት።

አሁን ወደ ናፈቅከው ሥራ። መጀመሪያ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ»ን ሥራ። 12 ሚሊሜትር ከሆነ የፈረንጅ ጥድ፣ እያንዳንዱ ፊደል መዳፍ የሚሞላ። ሰባቷን ስትጨርስ ቀጥታውንም ኩርባውንም ጥጉንም ለምደሃል። ለሕፃን ልጅ መጫወቻም ይሆናል። ሙሉውን ገበታ 231 ፊደል አንድ ቀን ትጨርሰው ይሆናል፤ አሁን ሰባቷ ትበቃለች።

ንድፉን እንጨቱ ላይ ስታሳርፍ መጀመሪያ የካርቶን ማሸጊያውን ሰፊ ፕላስተር ለጥፍ። ወረቀቱን በፕላስተሩ ላይ አጣብቅ። ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ይላጣል። ፕላስተሩ ምላጩንም ስለሚያለሰልሰው እንጨቱ አይቃጠልም።

የስም ጽሑፍ ላይ ደግሞ ማንም የማይነግርህን ልንገርህ፤ ምክንያቱም ብዙው የስክሮል ሶው ትምህርት ለላቲን ፊደል የተዘጋጀ ነው። የእኛ ፊደል የራሱ ባሕርይ አለው። ሰዎች ስም ሲሠሩ ፊደሎቹ እንዳይበታተኑ ከስር አንድ ዘንግ ያደርጉና ሁሉንም በእሱ ላይ ያቆማሉ። አሁን «ሊያ» የሚል ስም ውሰድ። የ«ሊ» ምልክት ያለችው ቀኝ እግሩ ግርጌ ነው። ዘንጉን እግሩ ስር ብታስገባው ምልክቷ ዘንጉ ውስጥ ትሰምጣለች። በሩ ላይ የሚሰቀለው «ለያ» ይሆናል። «ቢ»፣ «ሲ»፣ «ቲ» ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ እግሮቹን 8 ሚሊሜትር ያህል ወደ ታች አስረዝመህ፣ ምልክቷ ከዘንጉ በላይ በአየር ላይ እንድትታይ አድርግ። ወይ ዘንጉን ትተህ ፊደሎቹን ለየብቻ ቆርጠህ ከኋላ ሌላ ሰሌዳ ላይ አጣብቃቸው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጥቁር ቀለም የተቀባ ሰሌዳ ላይ ዋንዛ ፊደል ሲያርፍ ከሩቅ ይነበባል።

«ሳባ» ደግሞ ሌላ ችግር አለባት። «ሳ»ም «ባ»ም በቀኝ እግራቸው ብቻ ነው የሚቆሙት። አንድ እግር ላይ የቆመ ፊደል ልጅ ኳስ ሲመታው ይሰበራል። እግሩን ከሌላው መስመር በሲሶ አወፍረው፤ ዓይን አያስተውለውም። የ«ቤ» እና የ«ሌ» ግርጌ ላይ ያለችው ቀለበት በ2 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ መጀመሪያ ትበሳ። ቀለበቷን ቆርጠህ ከጨረስክ በኋላ ልብሳት ብትል ትሰነጠቃለች። «ዐ» አንድ፣ «ወ» እና «መ» ሁለት ሁለት ቀዳዳ እንዳላቸው አስበህ ጊዜህን አስላ።

የእንጨቱ ሥር አቅጣጫም ወሳኝ ነው። በሙሉ እንጨት ስትሠራ ሥሩ ከፊደሉ እግር ጋር ወደ ታች ይሂድ። ተጋድሞ ከሄደ የ«በ» እግር እንደ ብስኩት ነው የሚቀነጠሰው። ባለ ዘንግ ስም ከሆነ ግን እግሩ ወደ ታች፣ ዘንጉ ወደ ጎን ስለሚሄድ ሙሉ እንጨት ሁለቱንም ሊያስደስት አይችልም። ለእሱ 6 ሚሊሜትር ፕላይዉድ ነው የሚሻለው።

መስቀሉን ለመንደፍ ወረቀት አራት እጠፍ። ሩቡን ብቻ ሳል፤ ቆርጠህ ስትዘረጋው አራቱም ወገን እኩል ይሆናል። የመጀመሪያህ ከ10 የማይበልጥ ቀዳዳ ይኑረው። እያንዳንዱ ቀዳዳ መብሳት፣ ምላጩን ከላይ መፍታት፣ ማሳለፍ፣ ማሰር፣ መወጠር ነው። 40 ቀዳዳ ያለው መስቀል ይሄን 40 ጊዜ ማድረግ ማለት ነው፤ ገና በጀማሪነት ትሰለቻለህ። ከመሃል ጀምረህ ወደ ውጭ ቁረጥ። የውጭውን ጠርዝ መጨረሻ አድርገው፤ እስከዚያ የምትይዝበት ስፋት ይኖርሃል። መስመሮቹ የሚተላለፉበትን ቦታ ከ4 ሚሊሜትር አታሳንስ። እጅህ ሲጠነክር የብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ ያለውን ሐረግ ተመልከትና ለመስታወት ፍሬም ሞክረው። ያ ጥልፍልፍ ለዚህ ማሽን የተሳለ እስኪመስልህ ድረስ ይስማማዋል።

ስትጨርስ በ120 ከዚያ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። ለመጫወቻ የተልባ ዘይት ብታገኝ ጥሩ ነው፤ በስሱ ቀብተህ ትርፉን ጥረግ። በእኛ ብርድ ጥሬው ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ ታገሰው። የጠረግክበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለህ ጥግ ላይ አትጣለው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ማንም ሳይነካው እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግተህ ውጭ ገመድ ላይ አድርቀው።

ትእዛዝ መቀበሉን ለጊዜው አቆየው። ስምንት አሥር ሥራ ለዘመድ ስጥ። ስድስት ወር ግድግዳ ላይ ውሎ ያልተሰነጠቀውን፣ ያልተላቀቀውን እይ። ከዚያ ለምረቃውም ለቤት ምረቃውም ሰው ራሱ ይመጣል።

እስከዚያው የማሽኑን ሰሌዳ በደንብ እንዲነበብ አድርገህ ፎቶ አንሣና ላክልኝ። ማዞሪያ እንዳለውና እንደሌለው፣ ምላጭ ማሰሪያው ባለ ፒን መሆኑንም ጻፍልኝ። የተሰበሩት አምስት ምላጮች ካልጣልካቸው እነሱንም አንሣቸው። መሃል ላይ ተሰብረው ከሆነ ገፍተሃል ማለት ነው፤ ማሰሪያው ስር ከሆነ ደግሞ ሌላ የምናየው ነገር አለ።